ታሪክ ተምሬ፣ ካታሎግ ሠርቼ፣ ዳታቤዝ አስተምራለሁ፤ «ሙያሽ ምንድን ነው?» ለሚሉኝ ምን ልመልስ?

ዘወልዲያ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም የመድረኩ ቤተሰቦች። ትንሽ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

የመጀመሪያ ዲግሪዬ ታሪክ ነው። ስመረቅ የተገኘው ሥራ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ካታሎጊንግ (የመጻሕፍት ዝርዝር ማዘጋጃ) ክፍል ነበር። ማስታወቂያው «ወይም በተዛማጅ ሙያ» ስለሚል አመለከትኩና ገባሁ። እዚያው እየሠራሁ ማስተርሴን በኢንፎርሜሽን ሳይንስ ጨረስኩ። ከዚያ አንድ የጤና ፕሮጀክት ላይ ዳታ ማናጀር ሆንኩ፤ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ወደ ማስተማር መጣሁ። አሁን ሌክቸረር ነኝ። ዳታቤዝ አስተምራለሁ፣ ሰው ሲጠፋ የመዛግብት አስተዳደርም ይሰጠኛል።

ለፒኤችዲ ስፖንሰርሺፕ ፋይሌን ሳስገባ ከኮሚቴው አባላት አንዱ ወረቀቶቼን አገላብጠው «ልጄ፣ አንቺ ለመሆኑ ሙያሽ ምንድን ነው?» አሉኝ። ክፋት አልነበረበትም። ግን አፌ ላይ መልስ አልመጣም። አንዱ ጽሑፌ በወንጌለ ወርቅ (በአብያተ ክርስቲያናት የክብር ወንጌል) ላይ ስለሚጻፉ የርስትና የጉልት፣ የመሬት ይዞታ መዝገቦች ነው፣ ሌላው ስለ ጤና ጣቢያ የመረጃ ጥራት። ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሁለት ሰው ሲቪ ይመስላሉ።

በዚህ ሙያ እንዲህ ከወዲያ ወዲህ እያለ በትምህርቱ ዓለም የዘለቀ ሰው ታውቃላችሁ? ወይስ አንዱን ጥዬ አንዱን ልያዝ?

ቢት_እና_ባይት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

አንዱን ያዢ። ዳታውን። ሌላው ትዝታ ነው።

እኔ የተማርኩት የኢንፎርሜሽን ትምህርት ቤቱ «ሲሳ» በሚባልበት ዘመን ነው። አብረውኝ ከተመረቁት ውስጥ ቤተ መጻሕፍት የቀረ አላውቅም፤ ባንክ፣ ቴሌ፣ ኤንጂኦ ነው ሁሉም። እኔም ባንክ ነኝ። አሁን ተማሪው ቤተ መጻሕፍት የሚገባው ለዋይፋይና ለወንበር ነው። ሲቪሽ ላይ «ካታሎጊንግ» የሚለውን መስመር አጥፊና «ሜታዳታ» (ስለ መረጃ የሚሰጥ መረጃ) ብለሽ ጻፊው፣ ኮሚቴውም ዝም ይላል።

ጋሼ_ካርድ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡05

ልጅ ቢት፣ «ሜታዳታ» ያልከው እኛ በታይፕራይተር ካርድ ላይ ስንመታው የኖርነው ነው። ስሙ ሲያምር ደመወዙ ተሻሻለ እንጂ ሥራው ያው ነው።

ሲሳንም ካነሳህ ከየት እንደመጣ እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1990 በዩኔስኮና በካናዳው የልማት ምርምር ድርጅት፣ በአይዲአርሲ፣ ድጋፍ ሲቋቋም ሙሉ ስሙ የአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት ነበር። እኔ የማውቃቸው የዚያን ጊዜ ተማሪዎች ከእርሻም፣ ከኢኮኖሚክስም፣ ከቋንቋም የመጡ ናቸው። ትምህርት ቤቱ ራሱ ከሌላ ሙያ በመጡ ሰዎች የቆመ ነው ማለቴ ነው።

አሁን ወደ እህታችን ጥያቄ። ስድስት ኪሎ ያለውን ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የዩኒቨርሲቲውን ቤተ መጻሕፍት የመሩትን ወይዘሮ ሪታ ፓንክረስትን ግን ሰው የሚያነሣቸው «የታሪክ ጸሐፊው የፕሮፌሰር ሪቻርድ ባለቤት» ወይም «የሲልቪያ ፓንክረስት ምራት» እያለ ነው። የራሳቸውን መንገድ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ስለዚህ ልዘርዝረው (ዓመተ ምሕረቱ በፈረንጅ ነው)።

ሩማንያ ተወልደው በልጅነታቸው በ1938 ወደ እንግሊዝ ሄዱ። ኦክስፎርድ የተማሩት ፈረንሳይኛና ሩስኛ ነው። ወደ ቤተ መጻሕፍት ሥራ የገቡት ለንደን ውስጥ ቻታም ሀውስ በሚባለው የዓለም አቀፍ ጉዳዮች ተቋም፣ በጋዜጣ ቤተ መጻሕፍቱ ተቀጥረው ነው። የየዕለቱን ጋዜጣ እየቆረጡ በአገርና በርዕስ መለየት እንግዲህ ያው የእኛው ሥራ ነው። ቋንቋ የማያውቅ ሰው የማይችለው ሥራም ነው።

በ1956 አዲስ አበባ መጡ። መጀመሪያ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ዛሬ ወመዘክር በምንለው፣ ሠሩ። ከዚያ ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተሻገሩና የቤተ መጻሕፍቱ ዋና ኃላፊ ሆኑ። አሁን ያለ ሰው የማይገባው፣ ያ ዩኒቨርሲቲ በ1961 ሲመሠረት ከባዶ አልተነሣም። አራት ኪሎ፣ አምስት ኪሎ፣ ዓለማያ፣ ጎንደር፣ ለየብቻ የቆሙ ኮሌጆች ናቸው በአንድ ስም የተጠሩት። ኮሌጅን በአዋጅ አንድ ማድረግ ይቻላል፤ መደርደሪያን ግን በአዋጅ አንድ አታደርገውም። አንዱ መጽሐፍ በአንዱ ግቢ በአንድ ቁጥር፣ በሌላው ግቢ በሌላ ቁጥር ተቀምጦ ሲገኝ እጅ የሚያስይዘው የካታሎግ ሥራ ነው።

ከአብዮቱ በኋላ በ1976 ወደ ለንደን ተመለሱ፣ በሲቲ ኦፍ ለንደን ፖሊቴክኒክ የቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ኃላፊ ሆኑ። በዓመቱ ፋውሴት የሚባለው የሴቶች ታሪክ ቤተ መጻሕፍት ማደሪያ አጥቶ ሲቸገር ፖሊቴክኒኩ ተረከበው። ሲልቪያ ዕድሜ የሰጡለት የሴቶች የመምረጥ መብት ትግል ሰነድ በምራታቸው እጅ ገባ ማለት ነው። ዛሬ ክምችቱ ለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ ውስጥ ይገኛል። በ1987 ወይዘሮ ሪታ እንደገና ወደ አዲስ አበባ መጡና ስለ ንግሥት እሌኒ፣ ስለ እቴጌ ሰብለ ወንጌል፣ ስለ ባቲ ድል ወንበራ መጻፍ ያዙ። በ2019 አረፉ።

እንግዲህ ቁጠሪው፦ ቋንቋ፣ ጋዜጣ፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ፖሊቴክኒክ፣ የሴቶች ታሪክ። ያንቺ ሁለት ወረቀት ምን ብዛት አለው?

ጥያቄ_አለኝ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡30

ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወም። ታሪኩ ደስ ይላል፣ ግን ሁለት ነገር ይጎድለዋል።

አንደኛ፣ ሴትየዋ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበሩ። ዘወልዲያ የጠየቀችው ስለ አካዳሚክ መንገድ ነው፤ እድገት፣ ሕትመት፣ «የትምህርት ዘርፍ» የሚለው ሳጥን። ሁለተኛ፣ በ1976 የሄዱት ሥራ መቀየር አምሯቸው አይደለም፤ አገሩ ተገልብጦ ነው። የሚመለሱበት ለንደን ነበራቸው። እዚህ ያለ ሌክቸረር ግን ኮሚቴው «አይዛመድም» ካለው የሚሄድበት የለውም። የታላላቅ ሰዎችን ሕይወት እያነሣን «ይኸው እነሱም ተበታትነው ነበር» ስንል ያለፍላጎት የተደረገውን ሁሉ ጥበብ እናስመስለዋለን።

ጋሼ_ካርድ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 5፡10

ሁለተኛው እውነት ነው፣ እቀበላለሁ። በመጀመሪያው ግን አልስማማም።

በ1973 (በፈረንጅ) ወይዘሮ ሪታ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የመቅደላ ቤተ መጻሕፍት በለንደኑ የምሥራቅና የአፍሪካ ጥናት ትምህርት ቤት፣ በሶአስ፣ መጽሔት ላይ ጥናት አሳትመዋል። የዩኒቨርሲቲውን ቤተ መጻሕፍት እየመሩ ማለት ነው። ስለ መቅደላ የጻፈ ብዙ ነው፤ ስለ ጦርነቱ፣ ስለ ንጉሡ ሽጉጥ፣ ስለ ዘረፋው። የሳቸውን ልዩ የሚያደርገው ክምችቱን እንደ ቤተ መጻሕፍት ማየታቸው ነው። ቴዎድሮስ ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም ብለው መጻሕፍቱን ከየት ሰበሰቡ? ከየትኞቹ የጎንደር አድባራት? በ1868 እንግሊዞች ሲገቡ ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከ ሰው አብሯቸው ነበር፤ መጻሕፍቱ በዝሆንና በበቅሎ ተጭነው ወርደው 350 ያህሉ እዚያው ሙዚየም ገቡ። ማን ሰበሰበ፣ ማን ወሰደ፣ የት ተቀመጠ ብሎ መከታተል የአክሴሽን (የገቢ መጻሕፍት) መዝገብ ይዞ ለኖረ ሰው የሚመጣ ጥያቄ ነው። ይህ አካዳሚክ ካልሆነ ምን አካዳሚክ ይሆናል?

ሒሳብ_ነክ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡20

ከጂማ ነኝ፣ የሒሳብ መምህር ነኝ፣ በክፍላችሁ እንግዳ ነኝ። ሆኖም ራንጋናታን ሳይነሣ ይህ ውይይት እንዳይዘጋ ብዬ ነው።

ራንጋናታን ሕንድ ውስጥ የማድራስ ፕሬዚደንሲ ኮሌጅ የሒሳብ መምህር ነበር። በዚያ ላይ ንግግሩ ይንተባተብ ነበር። በ1924 (እ.ኤ.አ.) የማድራስ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኖ ተቀጠረ። ሥራው እስከዚህም አልጣመውም፣ ብቸኝነቱ ሰለቸውና በሳምንታት ውስጥ ወደ ማስተማሬ መልሱኝ አለ። «እንግሊዝ ሄደህ ሙያውን ተማር፤ ስትመለስም ካልወደድከው ቦታህ ይሰጥሃል» ተባለ። ለንደን ገብቶ ሲማር ሒሳብ የለመደ ዓይኑ በመጽሐፍ አመዳደቡ ላይ ዐረፈ። አሜሪካዊው የቤተ መጻሕፍት ሰው ዲዊ ዓለምን አስቀድሞ በአሥር ከፍሎ አስቀምጦታል፤ አዲስ ነገር ሲመጣ ቦታ ፈልገህ ትሸጉጠዋለህ። ራንጋናታን አንድ የለንደን መደብር ውስጥ ሜካኖ የሚባለውን የልጆች መገጣጠሚያ አየ፤ ከጥቂት ብረትና ብሎን ብዙ ዓይነት ነገር ይሠራል። ርዕስንም እንዲሁ ከተነጠሉ ክፍሎች፣ ከነገሩ፣ ከቦታው፣ ከጊዜው፣ መገጣጠም ይቻላል አለ። ኮሎን ክላሲፊኬሽን የሚባለው የመጽሐፍ አመዳደብ ከዚያ ተወለደ፣ በ1933 ታተመ።

ወደ ሒሳቡ አልተመለሰም። ማድራስ 20 ዓመት ያህል ቆየ፣ ከዚያ ባናራስ፣ ዴልሂ፣ ጥቂት ዓመት ዙሪክ፣ በኋላ በ1962 ባንጋሎር ላይ የዶኩሜንቴሽን ማሠልጠኛና ምርምር ማዕከል አቋቋመ። ሒሳቡን ግን ጥሎት ሄደ ማለት አይደለም፤ የኮሎንን ቀመር ያየ ሰው ማን እንደጻፈው አይጠፋውም።

(አንድ ነገር ልጨምር፦ ዛሬ ኦንላይን ሱቅ ውስጥ «መጠን፣ ቀለም፣ ዋጋ» እያልክ የምታጣራው ነገር ከዚሁ ሰው ሐሳብ ጋር ዝምድና አለው። ልጅ ቢት ይህን ያንብብልኝ።)

ሚኒሶታዊው | ማክሰኞ፣ በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 5

ከሴንት ፖል ሰላምታ። ስለ ራሳችን ሰው አለመነሣቱ አስገርሞኝ ነው ከእንቅልፌ የተነሣሁት።

ከሚኒያፖሊስ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነድታችሁ ኮሌጅቪል ስትደርሱ የሂል የብራና ጽሑፎች ሙዚየምና ቤተ መጻሕፍት አለ። የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ በ1973 (እ.ኤ.አ.) ሲጀመር ፊልሙ የሚሄደው ወደዚያ ነበር፤ በመጨረሻ ከ9,000 በላይ ብራና ተነሥቷል። ፊልም ማንሣት አንድ ነገር ነው። በእያንዳንዱ ውስጥ ምን እንዳለ አንብቦ የሚጽፍ ሰው ከሌለ ግን የታሸገ ሣጥን ነው።

ያን በዋናነት ያነበቡት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። መንገዳቸውን ተመልከቱ፦ ካይሮ ነገረ መለኮት፣ ጀርመን ቱቢንገን የሴም ቋንቋዎች ዶክትሬት፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህርነት፣ በአብዮቱ መጀመሪያ የሸዋ ተወካይ ሆነው ሸንጎ፣ በ1968 ዓ.ም. መጀመሪያ በደርግ ወታደሮች ጥይት ተመተው ከወገብ በታች ሽባ መሆን። በዚያ ሁኔታ ነው ሚኒሶታ መጥተው ካታሎገር የሆኑት። ዕድሜያቸውን ሙሉ በተከታታይ ጥራዝ የብራናዎቹን ዝርዝር ሲያወጡ ኖሩ። በ1988 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካውን የማክአርተር ሽልማት አገኙ። በ2021 እስኪያርፉ ድረስ በሙያው ያለ ሰው ሁሉ የሳቸውን ካታሎግ ሳይከፍት ሥራ አይጀምርም ነበር።

«ጥያቄ አለኝ»፣ ያልከው ትክክል ነው፤ ይህን መንገድ ማንም አይመርጠውም። እኔ የምለው ስለ ሥራው ነው። አንድ ተራ ካታሎገር «ተአምረ ማርያም፣ ብራና፣ ይህን ያህል ቅጠል» ብሎ ያልፋል። እሳቸው ግን እዚያው ውስጥ ሌላ የማይታወቅ ድርሳን ተሰክቶ ያገኛሉ። ግዕዝና ነገረ መለኮት ተምረው ስለመጡ ነው።

ጥያቄ_አለኝ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡00

እሺ፣ ተረታሁ ባልልም ለስላሳ ሆኛለሁ። ግን ልጅቷ ለኮሚቴው ማሳየት ያለባት የጌታቸውን ሕይወት ሳይሆን የራሷን ፕሮፖዛል ነው። እስካሁን ማንም ያንን አልነካም።

መንገድ_ላይ_ያለ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡45

እኔ ልንካው። በዩኒሳ (በደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ) በኩል ኢንፎርሜሽን ሳይንስ ፒኤችዲ ላይ ነኝ፤ ተመሳሳይ ጥያቄ እኔም ደርሶብኛል።

ዘወልዲያ፣ ጽሑፎችሽን አላነበብኩም፣ ግን ሁለቱን ርዕሶች ደጋግሜ አየኋቸው። የጤና ጣቢያውን እንጀምር። ነርሷ መዝገቡ ላይ ትጽፋለች። በወሩ መጨረሻ ከመዝገቡ ወደ ታሊ ሺት (መቁጠሪያ ወረቀት) ይቆጠራል፣ ከታሊው ወደ ሪፖርት ቅጹ፣ ከቅጹ ወደ ዲኤችአይኤስ 2፣ ወደ ጤና መረጃው የኮምፒውተር ሥርዓት፣ ይገባል። ስሕተቱ የሚፈጠረው ሲገለበጥ ነው። አንዱ መስመር ይዘለላል፣ ሌላው ሁለቴ ይቆጠራል፣ «7» «1» ይሆናል።

ወንጌለ ወርቁስ? የመሬት ስጦታው ወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ ይጻፋል። ብራናው ሲያረጅ ወደ አዲስ ወንጌል ይገለበጣል። ጸሐፊው መስመር ይዘላል፣ የምስክሮቹን ስም ያሳጥራል፣ አንዳንዴም የዘመኑ ባለርስት ደስ እንዲለው «ያሻሽለዋል»። ሁለቱም ቦታ ጥያቄሽ አንድ ነው፦ መዝገብ ከእጅ ወደ እጅ ሲገለበጥ ምን ይጠፋል፣ ማን ይጠቀማል፣ እንዴት ይታወቃል?

ሁለት ሰው አይደለሽም። አንድ ጥያቄ ሁለት ቦታ የጠየቅሽ ነሽ። ፕሮፖዛሉን በዚህ ጀምሪው፤ ታሪክና ጤና የሚሉት ቃላት በሁለተኛው ገጽ ይምጡ። ኮሚቴ የሚያነበው የመጀመሪያውን ገጽ ነው፣ በልምድ ነው የምነግርሽ።

ዘወልዲያ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

ይህንን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የጤናው ፕሮጀክት ላይ ሳለሁ ከመዝገቡ ተነሥቼ ቁጥር ሳስተያይ ሁሌ ብራና የማስተያይ ይመስለኝ ነበር፤ ግን ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ ሊገናኙ ይችላሉ ብዬ አላሰብኩም። የታሪክ መምህሮቼ «ቅጂ ከቅጂ አስተያዩ» እያሉ ያሠቃዩን የነበረው ይኸው ነው።

ችግሬ አድቫይዘር ነው። ብራናውን የሚያውቀው ሰው ዲኤችአይኤስ አያውቅም፣ በተቃራኒውም እንዲሁ።

መንገድ_ላይ_ያለ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡50

ዋናውን ከኢንፎርሜሽን ሳይንስ፣ ተባባሪውን ከታሪክ ወይም ከፊሎሎጂ (ከጥንት ጽሑፍ ጥናት) ያዢ። ማመልከቻው ላይ ዋናው ብቻ ነው የሚጻፈው፣ ተባባሪው በኋላ በዲፓርትመንት ጉባኤ ይጸድቃል። ቢያንስ እኛ ጋ እንዲያ ነው።

ቢት_እና_ባይት | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡20

ጋሼም ሒሳብ ነክም እየጠሩኝ ስለሆነ ልናገር።

ባንክ ውስጥ ቀኔን የሚበላው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ስም። አንድ ደንበኛ በአንዱ ቅርንጫፍ «ኃይለ ሥላሴ»፣ በሌላው «ሀይለስላሴ»፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ደግሞ እንደ ጸሐፊው ስሜት ይጻፋል። ከውጭ የተገዛው ሲስተም የአያትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥሮ ወደፊት ያመጣዋል። ሁለት አካውንት የአንድ ሰው ይሁን የሁለት ሰው ለመለየት ስንት ሰው ተቀምጧል መሰላችሁ። ይህን ሳወራ የኛ ዳይሬክተር «ለዚህ የተማረ ሰው የለም ወይ?» አለኝ።

ጋሼ_ካርድ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡35

አለ። ኦቶሪቲ ፋይል ይባላል። ለአንድ ሰው አንድ የጸደቀ አጻጻፍ ትመርጣለህ፣ ሌሎቹን ሁሉ ወደሱ ትመራቸዋለህ። የኢትዮጵያዊ ስም ደግሞ በራሱ ስም እንጂ በአባቱ ስም እንደማይገባ በካታሎግ ደንቡ ከድሮ ጀምሮ የተጻፈ ነው። እናንተ ሲሳ ስትማሩ ካታሎጊንግ ኮርስ አልነበረም?

ቢት_እና_ባይት | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡41

ነበር። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነበር።

ሚኒሶታዊው | ረቡዕ፣ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 8

😂 ዘወልዲያ፣ ከማይክሮፊልሞቹ ብዙዎቹን አሁን በሂል ድረ ገጽ ላይ ተመዝግበሽ በነፃ ማየት ትችያለሽ። የወሎ አድባራትን ወንጌሎች ለማስተያየት ከፈለግሽ ሁሉንም ገዳም መዞር አይጠበቅብሽም፤ መጀመሪያ እዚያ ፈልጊ።

ዘወልዲያ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡10

ተመዝግቤያለሁ፣ አመሰግናለሁ። የፕሮፖዛሉን የመጀመሪያ ገጽ እሑድ እዚሁ እለጥፋለሁ፤ ጥያቄ አለኝ፣ ያለ ርኅራኄ አንብብልኝ። ጋሼ፣ የስሞቹን ጉዳይ ለብቻው ክር ይክፈቱልን፤ በወንጌለ ወርቅ የምስክሮች ዝርዝር ላይ የአባት ስም የሌላቸው ሰዎች አሉብኝ፣ እነሱን እንዴት ልመዝግብ እንደሆነ ልጠይቅዎ ነው።